አሮጌ የእንጨት ጎተራ ለአዲስ ግንባታ፦ በቦታው ማደስ፣ ፈትቶ ማዛወር ወይስ እንጨቱን ብቻ መጠቀም?

በአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ግዛቶች፣ በፔንስልቬንያ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ገጠር በየማሳው ዳር የሚታዩት ትልልቅ የእንጨት ጎተራዎች ብዙዎቹ በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዘመን የተሠሩ ናቸው። ከብቱን፣ ነዶውንና ድርቆሹን በአንድ ጣሪያ ሥር ይይዙ የነበሩት እነዚህ ሕንፃዎች የቆሙት በቀጭን ሞራሌና በሚስማር አይደለም፤ በመጥረቢያ ተጠርበው፣ ወንዴና ሴቴ ሆነው በመሮ ተፈልፍለው፣ ኦክ በሚባለው ጠንካራ እንጨት ችካል በተቆለፉ ወፋፍራም ምሰሶዎችና አግዳሚዎች ነው። እርሻው በትራክተርና በድርቆሽ ማሰሪያ ማሽን መሠራት ሲጀምር ብዙዎቹ ሥራ ፈቱ። እ.ኤ.አ. በ2007 የተካሄደው የአገሪቱ የእርሻ ቆጠራ ከ1960 በፊት የተሠራ ጎተራ ያላቸው ከ600 ሺህ በላይ እርሻዎችን መዝግቧል፤ ጥገና ያጡት ግን ጣሪያቸው ማፍሰስ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በፍጥነት ይፈርሳሉ።

ከከተማ ወጣ ብሎ መሬት የሚገዛ ሰው፣ በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖሩና ወደ ሸናንዶዋ ሸለቆ ወይም ወደ ፍሬድሪክ አካባቢ የሚያማትሩ ወገኖቻችንን ጨምሮ፣ እንዲህ ያለ ጎተራ በግቢው ቆሞ ሊያገኝ ይችላል፤ ወይም ከሌላ ቦታ ገዝቶ አምጥቶ ቤት፣ አዳራሽ ወይም የሥራ ቦታ ሊሠራበት ያስብ ይሆናል። ከፊቱ የሚቀርቡለት አማራጮች ጎተራውን በቆመበት ማደስ፣ አጽሙን፣ ማለትም ምሰሶዎቹንና አግዳሚዎቹን፣ በሙሉ ፈትቶ ሌላ ቦታ መትከል፣ እንጨቱን በቁራጭ ገዝቶ በአዲስ ሕንፃ ውስጥ መጠቀም፣ ወይም አሮጌውን ትቶ በዚያው ስልት አዲስ አጽም ማሠራት ናቸው። ዋጋ ብቻ እያወዳደሩ ከእነዚህ አንዱን መምረጥ ስሕተት ነው እላለሁ። ምርጫውን መወሰን ያለበት የአጽሙ ዓይነትና ጤንነት ነው፤ የቤቱም ንድፍ መሳል ያለበት አጽሙ ከተመረጠ በኋላ ነው። ንድፉን ጨርሶ አጽም ፍለጋ የሚወጣ ሰው መጨረሻው ወይ አሮጌውን እንጨት እየቆረጠ ማበላሸት፣ ወይም ከንድፉ ጋር ሲታገል ገንዘቡን መጨረስ ነው።

የጎተራውን ዓይነት መለየት

በኒው ኢንግላንድና በኒውዮርክ በብዛት የሚገኘው የእንግሊዝ ጎተራ የሚባለው ነው። በአብዛኛው ወርዱ 30፣ ርዝመቱ 40 ጫማ ገደማ ሆኖ ሦስት ክፍል አለው፤ መካከለኛው ክፍል ውድማ ነው። በሕንፃው ረጅም ጎኖች ላይ ፊት ለፊት የተከፈቱት ሁለት በሮች ነፋሱን በውድማው ላይ አሳልፈው እህሉን ለማዝራት ያገለግሉ ነበር። መጠኑ ለአንድ ቤተሰብ ቤት የተመቸ ስለሆነ፣ ክረምት ላይ ለማሞቅም ስለማይከብድ፣ አጽሙን አዛውሮ መኖሪያ ለመሥራት ለሚያስብ ሰው ከሁሉ የሚቀለው ይህ ነው።

የደች ጎተራ በኒውዮርክ በሃድሰን፣ በሞሃክና በስኮሃሪ ሸለቆዎች እንዲሁም በኒው ጀርሲ የሚገኝ ሲሆን በሮቹ በጠባቡ የፊትና የኋላ ግድግዳ በኩል ናቸው። ውስጡ ሰፊ መካከለኛ አዳራሽና በግራና በቀኝ ዝቅ ያሉ መተላለፊያዎች አሉት። ሁለቱን ምሰሶዎች የሚያገናኘው ትልቁ አግዳሚ ምላሱ ምሰሶውን በስቶ በወዲያኛው በኩል ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ጫፉ እንደ ግማሽ ክብ ተጠርቦ በሽብልቅ ይያዛል። ይህን መጋጠሚያ ከፍ ብሎ ሲያዩት የአናጢዎቹ እጅ ምን ያህል የሠለጠነ እንደ ነበር ይገባል። ሳይከፋፈል እንዳለ ለሚኖር አዳራሽ፣ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለስብሰባ ቤት ከደች ጎተራ የተሻለ አላውቅም፤ በትንንሽ መኝታ ክፍሎች መሸንሸን ግን የሚያምርበትን ነገር ማጥፋት ነው። የቀሩት ጥቂት ስለሆኑም አንዱን ፈትቶ እንጨቱን በቁራጭ መሸጥ ምንም ዓይነት ዋጋ ቢያስገኝ ትክክል አይመስለኝም።

የፔንስልቬንያ ጎተራ ደግሞ በተዳፋት ላይ ተቆርጦ የተሠራ ነው። የታችኛው ወለል ከድንጋይ ግንብ ጋር የከብቶች በረት ሲሆን፣ ሠረገላው ከነጭነቱ በላይኛው ተዳፋት በኩል በቀጥታ ወደ ላይኛው ወለል ይገባል፤ የላይኛው ወለል ከበረቱ በር በላይ ጥቂት ጫማ ወደ ውጭ ተንጠልጥሎ ይወጣል። ይህ ጎተራ ከመሬቱ ጋር የተጋባ ስለሆነ ድንጋዩን ትቶ አጽሙን ብቻ መውሰድ ግማሹን ሕንፃ መተው ነው፤ ስለዚህ በቦታው ማደስ ከሁሉም በፊት ሊታሰብ ይገባል። በሸናንዶዋ ሸለቆ የሚገዛ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ልብ ይበል። በ1864 መኸር በእርስ በርሱ ጦርነት ወቅት የሰሜኑ ጦር አዛዥ ጄኔራል ሸሪዳን ሠራዊቱ በሸለቆው ከ2,000 በላይ እህልና ድርቆሽ የሞላባቸውን ጎተራዎች እንዳቃጠለ ለበላዮቹ ጽፏል። በዚያ አካባቢ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ነው ተብሎ የሚቀርብ ጎተራ እውነት ከሆነ ብርቅ ነው፤ ነገር ግን ማስረጃ ይጠየቅበት።

ማስረጃው እንጨቱ ላይ ተጽፏል። የአግዳሚው ፊት በመጥረቢያ የተጠረበ ከሆነ ጎድጎድ ያሉ ሰፋፊ የስለት አሻራዎች ይታያሉ። በውኃ ኃይል ወደ ላይና ወደ ታች በሚሄድ መጋዝ የተሰነጠቀው ቀጥ ያሉ ትይዩ መስመሮች፣ በክብ መጋዝ የተሰነጠቀው ደግሞ ቀስት የመሰሉ መስመሮች ይኖሩታል፤ ክብ መጋዝ በብዛት የተሠራበት ከ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ ነው። በመጋጠሚያዎቹ አጠገብ በመሮ የተቀረጹ የሮማውያን ቁጥሮች ካሉ፣ በተለይ እያንዳንዱ መጋጠሚያ የራሱ ቁጥር ካለው፣ አናጢው እያንዳንዱን እንጨት ከጎረቤቱ ጋር መሬት ላይ አጋድሞ በልኩ ለክቶታል ማለት ነው፤ ይህ የቆየው ዘዴ ነው። ከ1800 በኋላ ባሉት አሥርተ ዓመታት መጋጠሚያው በወጥ ልክ መቆረጥ ሲጀምር አንዱን ድጋፍ በሌላው ቦታ መግጠም ተቻለ። ልዩነቱ ለገዢው ተግባራዊ ትርጉም አለው፤ በቀደመው ዘዴ የተሠራ አጽም አንድ ሰያፍ ድጋፍ እንኳ ቢቀያየር አይገጥምም፣ ስለዚህ ምልክት ሳይደረግበት የተፈታ አጽም ከሆነ የሚገዛው እንጨት እንጂ ሕንፃ አይደለም።

ጤንነቱን መመርመር

እርጅና ብቻውን ኦክን አያደክመውም፤ ደረቅ ሆኖ የኖረ እንጨት ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ጭነቱን ይሸከማል። የሚገድለው ውኃ ነው። ምርመራው መጀመር ያለበት ውኃ ከሚያርፍበት ቦታ ነው፦ ከመሠረቱ ላይ ከሚያርፉት አግዳሚዎች፣ ከምሰሶዎቹ እግር፣ ጣሪያው ከሚያፈስበት ሥር፣ የከብት ፍግ ለዓመታት ተከምሮ ከኖረበት ግድግዳ። ወስፌ ወይም ስለታም ጠመንጃ መፍቻ ይዞ የምሰሶውን እግር በአራቱም ጎን መውጋት ያስፈልጋል። ጤነኛ ኦክ ወስፌውን አያስገባም፤ ላይ ላዩን ጠንካራ መስሎ ከሥሩ እንደ ቂጣ የሚገባ ከሆነ ብስባሹ ወደ ውስጥ ሄዷል። ከዚያ በመዶሻ ጀርባ እየመቱ ወደ ላይ መውጣት ነው፤ ጤነኛው ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ከሁሉ የሚደበቀው በሴቴው ቀዳዳ ውስጥ ያለው ብስባሽ ነው፤ ከጣሪያ የወረደ ውኃ ምሰሶው አናት ላይ ያለው መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣል፣ ከውጭም ምንም አይታይም። ለዚህ መሐንዲሶች በቀጭን መሰርሰሪያ የእንጨቱን ጥንካሬ የሚለካ መሣሪያ ይጠቀማሉ፤ በትልልቆቹ መጋጠሚያዎች ላይ ማስለካቱ ወጪውን ያወጣል።

የእግር ብስባሽ አጽሙን አይጥለውም። የተበላሸው ተቆርጦ በዚያው ዓይነት አሮጌ እንጨት፣ በተደራራቢ መጋጠሚያ ሊቀጠል ይችላል፤ የመሠረቱን አግዳሚ ሙሉ በሙሉ መቀየርም የተለመደ ነው። አግዳሚዎቹ በመካከላቸው የተሰበሩ፣ የምሰሶዎቹ አናት የበሰበሰ፣ ወይም ቀደም ሲል አንድ ገበሬ ለማሽኑ መግቢያ ብሎ ድጋፎቹን የቆራረጠበት አጽም ግን ጥገናው ከዋጋው በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለው በቁራጭ ቢሸጥ የሚያስነቅፍ ነገር የለውም።

ነቀዝን በተመለከተ፣ ቀዳዳ ሁሉ አያስፈራም። ጥቁር ጠርዝ ያላቸውና አቧራ የሞላባቸው ቀዳዳዎች ነቀዙ ከሄደ የቆየ መሆኑን ያሳያሉ፤ ጠርዛቸው ስለታም፣ ውስጣቸው ነጣ ያለ፣ ከሥራቸውም እንደ ዱቄት የላመ ብናኝ የሚፈስስ ከሆነ ግን ነቀዙ አሁንም በሥራ ላይ ነው። መፍትሔው እንጨቱን በእንጨት ማድረቂያ ምድጃ ማሞቅ ነው፤ መሐሉ 56 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ለ30 ደቂቃ እንዲቆይ ማድረግ ለዕቃ ማሸጊያ እንጨት በዓለም አቀፍ ደረጃ የተቀመጠ መለኪያ ነው፣ ለወፍራም አግዳሚ ሙቀቱ እስኪገባ ረጅም ሰዓት ይወስዳል። ከቦሮን ጨው የሚሠራው የቦሬት መድኃኒት ደግሞ ቀለምና ቫርኒሽ ባልነካው እንጨት ላይ ሲረጭ ጥሩ መከላከያ ነው፤ ውስጥ ድረስ የሚገባው ግን በተወሰነ ጥልቀት ብቻ ስለሆነ የማሞቅን ቦታ ሙሉ በሙሉ አይተካም።

በቦታው ማደስ ወይስ ማዛወር?

አጽሙ ጤነኛ፣ ቦታውም ለታሰበው አገልግሎት የሚሆን ከሆነ በቆመበት ማደስ ቀዳሚው ምርጫ ነው። መጋጠሚያዎቹ አይነኩም፣ ድንጋዩ፣ ጣውላውና የወለሉ ታሪክ አብሮ ይቀራል። ጎተራው በብሔራዊ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ የገባ ወይም በቅቶ የሚመዘገብ ከሆነና እድሳቱም ገቢ ለሚያስገኝ ሥራ ከሆነ የፌዴራሉ መንግሥት ከወጪው 20 በመቶውን በግብር ቅናሽ ይመልሳል፤ ቅናሹ በአምስት ዓመት ተከፋፍሎ ይሰጣል። ሁለት ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት። አንደኛ፣ ባለቤቱ ለራሱ መኖሪያ የሚያድሰው ጎተራ በዚህ ቅናሽ አይጠቀምም። ሁለተኛ፣ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሥራውን ንድፍ መርምሮ ማጽደቅ አለበት፣ ሰፊውን ውስጥ በግድግዳ መቆራረጥና አዳዲስ መስኮቶችን በየቦታው መክፈት ደግሞ ብዙ ጊዜ ተቀባይነት አያገኝም። ከመዝገብ የገባ ሕንፃ ከቦታው ሲነሣ በአብዛኛው ከመዝገቡ ስለሚወጣ፣ ቅናሹን ታሳቢ ያደረገ ሰው ማዛወርን ከሐሳቡ ማውጣት ይኖርበታል።

ማዛወር ትክክል የሚሆነው ጎተራው ሊፈርስ ሲል ነው፤ መንገድ ወይም የመኖሪያ ሰፈር የሚመጣበት መሬት ላይ ያለ፣ ወይም ባለቤቱ ሊያቃጥለው የወሰነው ጎተራ ማለት ነው። ጥሩ አጽም ከሞት የሚድንበት መንገድ ይህ በመሆኑ ሥራውን በጥንቃቄ የሚሠሩ ባለሙያዎች ሊመሰገኑ ይገባል። ሥራው የሚጀምረው ከልኬት ነው፤ እያንዳንዱ ምሰሶ፣ አግዳሚና ድጋፍ ተለክቶ በወረቀት ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያም በእያንዳንዱ ጫፍ ላይ የማይለቅ ቁጥር ይታሰራል። ጣውላው፣ ጣሪያው፣ ወራጆቹ ይወርዳሉ። ችካሎቹ ከቀጭኑ ጫፍ በኩል ተመትተው ይወጣሉ፤ የደረቀ ችካል በግድ ሲመታ ወንዴውን ይሰነጥቀዋልና አልወጣ ያለውን መሰርሰር ይሻላል። ክሬን እያንዳንዱን የአጽም ክፍል ካወረደ በኋላ እንጨቱ ታጥቦ፣ ሚስማሩ ተነቅሎ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ በመካከሉ አየር እንዲያልፍ እየተለያየ በጣሪያ ሥር ይደረደራል።

የተዛወረ አጽም ቤት ሲሆን የሚሞቀው ከውጭ በሚለበስ ልብስ ነው፤ በሁለት ሰሌዳዎች መካከል አረፋ የያዙ ትልልቅ ፓነሎች በምሰሶዎቹና በወራጆቹ ላይ ከውጭ ይመታሉ፣ አጽሙ በሙሉ ከውስጥ እንደ ታየ ይቀራል። ይህ ዘዴ የነፋስን ግፊት ለመቋቋምም ይረዳል። ችግሩ የሚመጣው ከጣሪያው ነው፤ የብዙ ጎተራዎች ወራጆች ቀጭንና እርስ በርስ የተራራቁ ስለሆኑ የፓነሉን ክብደትና የዛሬውን የበረዶ ጭነት መለኪያ ላይችሉ ይችላሉ። ሌላው፣ አግዳሚዎቹ የተቀመጡት ድርቆሽ ለሚወረውር ሰው እንጂ ሁለተኛ ፎቅ ለሚፈልግ ቤተሰብ አይደለም። ከአግዳሚው ሥር ያለው ከፍታና ሰያፍ ድጋፎቹ የሚወርዱበት ቦታ ሳይለካ ደረጃ፣ በርና መስኮት መሳል ከንቱ ድካም ነው።

አሮጌ እንጨት ደርቋል ስለተባለ ፈጽሞ አይንቀሳቀስም ማለትም አይደለም። በጎተራ ውስጥ ከውጭው አየር ጋር ተስማምቶ የኖረ እንጨት በሚሞቅ ቤት ውስጥ ሲገባ በጎኑ ጥቂት ይኮማተራል፤ ስለዚህ በመጀመሪያው ክረምት ሙቀቱን ቀስ በቀስ ከፍ ማድረግ ይበጃል። ከአዲስ አጽም ጋር ሲወዳደር ግን ይህ ቀላል ነው። አዲስ አጽም ብዙ ጊዜ ከእርጥብ ኦክ ስለሚሠራ ለዓመታት እየደረቀ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ መጋጠሚያውም ይከፈታል። አዲሱ የሚያሸንፈው በሌላ ነገር ነው፤ ከንድፉ ጋር በልኩ ይሠራል፣ የጥራት ማኅተም ያለው እንጨት ይገኝለታል፣ የሚደበቅ ብስባሽም የለበትም። ንድፉን በምንም መልኩ ለመለወጥ የማይፈልግ ሰው አዲስ ያሠራ፤ አሮጌ አጽም ገዝቶ ከሚቆራርጥ ይህ ለሁሉም ይሻላል።

እንጨቱን በቁራጭ መጠቀም

ሦስተኛው መንገድ ለብዙ ሰው አቅም የሚቀርበው ነው፤ የውድማውን ጣውላ ለወለል፣ የግድግዳውን ጣውላ ለውስጥ ግድግዳ፣ አንድ ጥርብ አግዳሚ ለምድጃ ራስ መጠቀም። ከሁሉ የሚፈለገው የአሜሪካው ቼስትነት የሚባለው ዛፍ እንጨት ነው። በ1904 በኒውዮርክ የታየው የፈንገስ በሽታ በአርባና ሃምሳ ዓመት ውስጥ ዛፉን በቢሊዮኖች ስላጠፋው፣ ትልልቅ የቼስትነት እንጨት ዛሬ የሚገኘው ከአሮጌ ሕንፃ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ዋጋው ስለሚወደድም ኦክ በቼስትነት ስም ሊሸጥ ይችላል። መለየቱ ከባድ አይደለም፦ ጫፉን በስለት አጥርቶ ቆርጦ መመልከት ነው። ኦክ ከመሐል ወደ ቅርፊቱ የሚሄዱ፣ በዓይን የሚታዩ ሰፋፊ ጨረሮች አሉት፤ ቼስትነት ቀለበቶቹ ተመሳሳይ ሆነው ሳለ እነዚህ ጨረሮች አይታዩበትም። ክብደቱም ከኦክ ይቀላል።

ቁራጭ እንጨት የራሱ አደጋ አለው። በውስጡ የቀረ ሚስማር የመጋዝ ስለት ይሰብራል፣ ሠራተኛንም ይጎዳል፤ ስለዚህ ከመሰንጠቁ በፊት በብረት መፈለጊያ ሁለት ጊዜ ማለፍ ይገባል። ቀለም የተቀባ ጣውላ ከሆነ ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ በአሜሪካ ለመኖሪያ ቤት ሊድ ያለው ቀለም የታገደው በ1978 ነው፣ ስለዚህ ሳይመረመር መላግም ሆነ በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ፣ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት፣ ፈጽሞ አይገባም። የርግብና የሌሊት ወፍ ኩስ የሞላበት ጎተራም ያለ መተንፈሻ ጭምብል አይጠረግም፤ ብናኙ የሳንባ በሽታ የሚያመጣ ፈንገስ ሊይዝ ይችላል።

ሕግን በተመለከተ ልዩነቱ ግልጽ ነው። ለጌጥ የሚውል እንጨት ማኅተም አያስፈልገውም። ጭነት የሚሸከም ከሆነ ግን በአብዛኞቹ ግዛቶች የሚሠራበት የመኖሪያ ቤት ኮድ የጥራት ማኅተም ወይም እውቅና ካለው መርማሪ የተሰጠ የምስክር ወረቀት ይጠይቃል፤ ከ1830 የመጣ አግዳሚ ማኅተም አይኖረውም። መርማሪ ቦታው ድረስ መጥቶ እንጨቱን እንዲመድብ ማድረግ፣ ወይም ፈቃድ ያለው የሕንፃ መሐንዲስ ሒሳቡን ሠርቶ እንዲፈርምበት ማድረግ ይቻላል። የትኛውን እንደሚቀበል ከመግዛት በፊት የአካባቢውን የግንባታ ፈቃድ ቢሮ መጠየቅ ግድ ነው።

ከነጋዴ ሲገዙ

በውሉ ውስጥ ጎተራው የቆመበት ቦታ፣ የልኬት ሥዕሉ፣ የቁጥሮቹ ዝርዝር፣ ወራጆቹ መካተት አለመካተታቸው፣ የተተኩት ክፍሎች በምን እንጨት እንደ ተተኩ፣ የነቀዝ ሕክምናው መቼና እንዴት እንደ ተደረገና መልሶ የሚተክለው ማን እንደሆነ በጽሑፍ ይስፈር። ብዙውን ጊዜ የአጽሙ ዋጋ ከመሠረቱ፣ ከፓነሉ፣ ከመስኮቱና ከቧንቧና ኤሌክትሪክ ሥራው ያነሰ ስለሆነ፣ በአጽሙ ላይ ጥቂት ለመቆጠብ ብሎ ያልተመዘገበ ክምር መግዛት አያዋጣም። የሚቻል ከሆነ አጽሙን ሳይፈታ በቆመበት ሄደው ይመልከቱት። ቀድሞ ተፈትቶ የተከመረ ከሆነ ደግሞ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት ነጋዴው ቢያንስ አንዱን የአጽም ክፍል፣ ከምሰሶዎቹና ከድጋፎቹ ጋር፣ መሬት ላይ ገጥሞ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ።